«እግዜር ያውቃል» የሚል ምርጫ ለሌለው መሣሪያ ጌታ

ለተከበሩ የዘመናዊ ምዝገባና ልየታ ማስተባበሪያ ኃላፊ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ በያሉበት፣ ማለትም በስብሰባም ሆነ በሥልጠና፣ ወይም ከአንዱ ወደ ሌላው በሚጓዙበት መንገድ ላይ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? የመኪናዎስ ማቀዝቀዣ ይህን በጋ እንዴት ከረመ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። «አለን» ስል ግን እንደ ልማዴ ነው እንጂ በእርስዎ መዝገብ ውስጥ መኖራችንን አጣርቼ አይደለም፤ ስለ ድፍረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ ምንዋጋው ካሤ እባላለሁ። የሰቆጣ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ፣ ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን ከሰቆጣ ሁለት ቀን በእግር በሚያስኬደው ዝቋላ ወረዳ አሳልፌ፣ በጡረታ የተገለልኩ መምህር ነኝ። ወጣቶቹ አድኃሪ ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም። አዲስ ነገር ሲመጣ እንደ ሌላው ሮጬ ከመሳሜ በፊት የማን ልጅ እንደሆነ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩትም፣ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች እስካሁን «በሂደት ላይ» ስለሆኑ፣ ይህኛው ምናልባት በሰው ዓይን ውስጥ አልፎ ቢደርስዎ ብዬ ነው። ምስጋናዎቼን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የጎጥ ሽማግሌዎችን ኮሚቴ ስላፈረሱልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከእርስዎ መምጣት በፊት በዝቋላ ጎጦች የዕርዳታ እህል ሲደርስ ማን እንደሚቀድም የሚወስኑት አምስት ሽማግሌዎች ነበሩ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ይቀመጡና የየቤቱን ስም እየጠሩ፣ የማን ፍየሎች እንዳለቁ፣ የማን ማሽላ ሳያፈራ እንደደረቀ፣ ማን ልጅ እንደቀበረ በሕዝብ ፊት ይነጋገሩ ነበር። እርስዎ ሰቆጣ ላይ በተደረገው ስብሰባ ይህን «ኋላቀርና ለአድልዎ የተጋለጠ አሠራር» ብለው ሲያወግዙት እኔም ከኋላ ወንበር አጨብጭቤያለሁ፤ ሁሉ ሲያጨበጭብ እጁን ያሳረፈ ሰው ይታያልና።

አድልዎ ነበረ፤ አልክድም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ምሳው፣ በአንድ ክፉ ዓመት የሚስታቸውን እህት ከእሷ በባሱ ሁለት ቤቶች ላይ አስቀደሙ። በሚቀጥለው እሑድ አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው «ምሳው፣ ያ እህል ጉሮሯችሁን እንዳይቧጥጣችሁ አድቅቃችሁ ፍጩት» አሏቸው። አቶ ምሳው ጆንያውን በገዛ ጫንቃቸው ተሸክመው መለሱ፤ ዓመቱን ሙሉም ከቅዳሴ ሲወጡ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። በሽማግሌዎቹ ፈንታ ያመጡልን የመመዝገቢያ መሣሪያ ግን ቅዳሴ አይመጣም፤ የሚደፋው አንገትም የለው። ከእፍረት ነጻ የሆነ ዳኛ ስለሰጡን እጅ እንነሣለን።

ሁለተኛ፤ በአደባባዩ ላይ ስላሰቀሉት ሸራ አመሰግናለሁ። በትልልቅ ቀይ ፊደል «ያልተመዘገበ አይኖርም!» ይላል። የጻፉት ሰዎች ሁሉም ይመዘገባል ማለታቸው እንደነበር ይገባኛል። እኛ አገር ግን ቅኔ የለመደ ጆሮ አለና አንዱ ገበሬ ከፊቱ ቆሞ ካስነበበ በኋላ «መቼም በግልጽ ነግረውናል» ብሎ ሲሄድ ሰምቻለሁ። ሰሙን እናንተ ጻፋችሁት፤ ወርቁን ዝቋላ አወጣው።

ሦስተኛ፤ መሣሪያውንና በውስጡ አለ የተባለውን «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ከባሕር ማዶ ስላስመጡልን። አምላክ የሠራው አስተውሎት በየጽሕፈት ቤቱ በበቂ መጠን ባለመገኘቱ ከውጭ ማስገባቱ ተገቢ ነበር። አሠራሩን በስብሰባው ላይ እንዳስረዱን፣ ለእያንዳንዱ ቤት አርባ ጥያቄ ይቀርባል፤ መሣሪያው መልሶቹን መዝኖ ለተቸገረው ቀይ፣ ላልተቸገረው አረንጓዴ ቀለም ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው፣ እርስዎ ራስዎም ቢሆኑ፣ ጣልቃ መግባት አይችሉም። ይህችን የመጨረሻዋን ሲናገሩ ፊትዎ ላይ ያየሁትን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም። ሰው ከኃላፊነቱ ሲገላገል እንደዚያ ያበራል።

ቁጥሬን እዚህ ላይ ማቆም ይኖርብኛል። ቀጥሎ የምነግርዎትን በተራ ቁጥር ላሰልፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ወይዘሮ ደብሬ የዝቋላ ገበሬ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ልጃቸውን ዓለምነህን አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ሒሳብ የማይገባው፣ ነገር ግን ማንም ሳያዘው ጥቁር ሰሌዳውን አጥፍቶ የሚጠብቀኝ ልጅ ነበር። አደገ፤ አገባ፤ ሚስቱ በወሊድ አረፈች። ሕፃኗን ምህረትን ለእናቱ ትቶ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት እንደ እኩዮቹ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ወጣ። የተሳፈሩባት ጀልባ የመን ሳትደርስ ተገለበጠች። አብረውት ከሄዱት አንዱ ተርፎ ሲመለስ ለእናቱ የነገራቸው «ከውኃው በኋላ አላየሁትም» የምትል ቃል ብቻ ናት። ሞተ አላለም፤ ዳነም አላለም።

ወይዘሮ ደብሬ ያችን ቃል ይዘው ተቀመጡ። ጸጉራቸውን አልተላጩም፤ እርማቸውን አላወጡም፤ ካህንም አልጠሩም። በየዓመቱ ለጥምቀት ነጭ ልብሱን አጥበው ያሰጡለታል። ጎጡ በሙሉ ልጁ እንደሞተ ያምናል፤ ሆኖም አንድ ሰው፣ አንድም ቀን በፊታቸው «ነፍስ ይማር» ብሎ አያውቅም። ሽማግሌዎቹም እህል ሲደለድሉ ቤታቸውን እንደ ሐዘን ቤት ቆጥረው ያስቀድሟቸውና፣ ሲሰጧቸው ደግሞ «ዓለምነህ ሲመጣ ይመልስልናል» ይሏቸው ነበር። ክቡር ሆይ፣ በሰቆጣው ስብሰባ ላይ ያወገዙት ኋላቀር አሠራር ማለት ይኸው ነው።

የእርስዎ መዝጋቢዎች በመጡ ጊዜ ከአርባው ጥያቄ አንዱ «ውጭ አገር የሚኖር የቤተሰብ አባል አለ ወይ?» የሚል ነበር። ወይዘሮ ደብሬ «አለ» አሉ። እናት ሌላ ምን ትላለች? መሣሪያውም አስተዋለ፤ ውጭ አገር ልጅ ያለው ቤት ይላክለታል፣ የሚላክለት ቤት አይራብም ብሎ ስማቸውን አረንጓዴ ቀባው። በዚያ የድርቅ ዓመት በዝቋላ ምድር የታየው ብቸኛ አረንጓዴ ነገር የወይዘሮ ደብሬ ስም ነበር።

ቅሬታ ያለው ሰቆጣ ይቅረብ ተባለ። ምህረትን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ቤቴ ደረሱ። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና ነው፤ አማርኛው እምብዛም ነውና እንዳስተረጉምላቸው ፈለጉኝ። ሦስት ቀን ተመላለስን። ሦስቱንም ቀን በሩ ላይ የተሰጠን መልስ «ሲስተም የለም» የሚል ነበር። በመጀመሪያው ቀን ወይዘሮ ደብሬ ሲስተም የሰው ስም መስሏቸው፣ ለቅሶ ሄዶ እንደሆነ ገምተው «ምስኪን፣ ማን ሞቶበት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

በአራተኛው ቀን ሲስተም ተገኘ። ያስተናገደችን ዓይናዲስ የምትባል ሠራተኛ ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ከወንበሯ ተነሥታ ወይዘሮ ደብሬን አስቀምጣለች። መዝገባቸውን ከፍታ «እናቴ፣ ልጅዎ ውጭ አገር ነው ይላል» አለች። እኔ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እሷም መሣሪያውን ወደ እኛ አዙራ ሦስት ምርጫዎች አሳየችን። «በሕይወት አለ፣ ይልካል»፤ «በሕይወት አለ፣ አይልክም»፤ «ሞቷል»። ሁለተኛው ከኤምባሲ ማስረጃ ይጠይቃል። ሦስተኛው የእናት አሻራ ብቻ ይበቃዋል።

ወደ ኽምጣና መለስኩላቸው። ወይዘሮ ደብሬ ጥቂት አሰቡና «እግዜር ያውቃል ይበሏት» አሉኝ። አልኳት። ዓይናዲስ መስታወቱን ወደ ላይ ወደ ታች እየጎተተች ፈለገች፤ የምሯን ነበር የፈለገችው። ከዚያ አንገቷን አቀርቅራ «መምህር፣ እግዜር ያውቃል የሚል የለውም» አለችኝ።

«ሞቷል» የሚለውን ስተረጉም ቃሉን ላለዝበው ሞከርኩ። «ከዚህ የለም ይላል» አልኳቸው። ወይዘሮ ደብሬ ዞረው አዩኝ። «ከዚህ አለመኖሩንማ እኔም አውቃለሁ። መምህር፣ በልጅነቱ አስተምረውታል፤ እንዲያው በእውነት ምን ነው የሚለው?» አሉ። ነገርኳቸው። ተነሡ። «ልጄን በገዛ ጣቴ አልገድልም» ብለው ወጥተው ከግቢው አጥር ሥር ተቀመጡ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ምስጋና የእኔም ድርሻ ነው። ተከትያቸው ወጣሁ። በዝቋላ ጎተራ ውስጥ ምን እንደቀረ አውቃለሁ፤ ምህረት አራት ዓመቷ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ እህሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታደላል እያለ ነበር። ስለዚህ አጠገባቸው ተቀምጬ «ወረቀት እኮ ነው። እግዚአብሔር የቢሮ ወረቀት አያነብም» አልኳቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ለልጆች የተጻፈ ነገር ዋጋ አለው እያልኩ ያስተማርኩ ሰው፣ በዚያች ቀን ለአንዲት እናት የተጻፈ ነገር ዋጋ የለውም አልኳት። አፈር በጣታቸው ጫሩ። በመጨረሻ «ለልጅቷ ነው» ብለው ተነሡ። ለእኔ አይደለም የተናገሩት፤ ለእሱ ይመስለኛል።

ገብተው አውራ ጣታቸውን አኖሩ። መሣሪያው አላነበበም። ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ሲለቅሙና ሲያርሙ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ መስመር አልቀረባቸውም። «ይድገሙት እናቴ» አለች ዓይናዲስ። ደገሙት። ጣታቸውን በውኃ አርሰው እንደገና ሞከሩ። በአራተኛው ጊዜ ተቀበለ። ሌላው እናት ልጇን አንድ ጊዜ ትቀብራለች፤ የእርስዎ አሠራር ግን ጥራት ያለው ስለሆነ አራት ጊዜ አስፈለገ። ከዚያም መሣሪያው ጮኸና በአማርኛ «እንኳን ደስ አለዎት! ምዝገባዎ ተሳክቷል» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ወይዘሮ ደብሬ «ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ይህን አልተረጎምኩላቸውም። በዚያ ቀን ከሠራሁት ሁሉ የማላፍርበት እሱ ብቻ ነው።

አገራቸው ሲገቡ ጸጉራቸውን ተላጩ። ጎረቤቶቻቸው ደንግጠው ቢሰበሰቡ «በአደባባይ ሞቷል ያልኩትን ልጅ፣ ቤቴ ገብቼ አለ ልል አልችልም። አልቅሱልኝ» አሏቸው። ሦስት ዓመት ታምቆ የኖረው ለቅሶ በአንድ ቀን ወጣ። ነጭ ልብሱን ለአንድ የቆሎ ተማሪ ሰጡት። ምህረት የአባቷን መሞት የሰማችው እንዲህ ነው።

በቀጠሮው ቀን ሕዝቡ አህያውን ይዞ ለእህል ተሰለፈ። እስከ ቀትር ተጠበቀ። ከዚያ አንድ ሰው ከመኪና ወርዶ የለጋሹ አገር መንግሥት ተለውጦ ዕርዳታው በመላው ዓለም መቋረጡን፣ ይህም «ከአቅም በላይ የሆነ ዓለም አቀፍ ሁኔታ» መሆኑን አስረዳና ተመልሶ ወጣ። እህሉም ቀረ፤ መሣሪያውም ቀረ። አማርኛ እንዲህ ያለ ቋንቋ ነው፤ አንዱ ሳይመጣ ቀረ፣ ሌላው አልሄድም ብሎ ቀረ።

በለጋሾቹ ላይ አልፈርድም። እኔ አድኃሪው እንደማምነው፣ ሰው የገዛ ቤቱን ማስቀደሙ ነውር አይደለም፤ የመረጣቸውም የእነሱ ገበሬ እንጂ የዝቋላ ገበሬ አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ አባቶቻችን ይህን ማለታቸው ነበር። የሚገርመኝ እኛ ነን፤ የራሳችንን አምስት ሽማግሌ አላመንንም ብለን፣ ስማችንን በማያውቁ ሰዎች የድምፅ መስጫ ሣጥን ላይ ጉሮሯችንን ያንጠለጠልነው። እርስዎም በተከታዩ ሳምንት በቴሌቪዥን ቀርበው «ይህ ራሳችንን የምንችልበት መልካም አጋጣሚ ነው» ብለዋል። እውነት ነው። ወይዘሮ ደብሬ ራሳቸውን ችለው ልጃቸውን ቀብረዋል።

ያም ሆኖ ይህን ሁሉ የምችለው ነገር ነበር። የጽሕፈት ቤትዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለ ዕርዳታው መቋረጥ የተለጠፈውን ደብዳቤ ባላነብ ኖሮ። ደብዳቤው ለእርስዎ የደረሰበት ቀን ከማኅተሙ ሥር በእጅ ጽሑፍ ተመልክቷል። ደጋግሜ ቆጠርኩት። ወይዘሮ ደብሬ ጣታቸውን ካኖሩበት ቀን አሥራ አንድ ቀን ይቀድማል። እህል እንደማይመጣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ያውቁ ነበር፤ ምዝገባው ግን አልቆመም። ምክንያቱን ብጠይቅ አንድ የእርስዎ ባለሙያ ያለ ምንም ሐፍረት ነገረኝ። የዓመቱ ዕቅድ የተያዘው በታደለ እህል ሳይሆን በተመዘገበ ሰው ነውና መቶ በመቶ ለመድረስ ጥቂት ይጎድል ነበር። ስለዚህ ዓለምነህ የሞተው በባሕር ሳይሆን በሪፖርት ነው። እንኳን ለመቶው አደረሰዎ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን መስማት ከፈለጉ፣ የፈረሱት ሽማግሌዎች ማንም ሳይጠራቸው እንደገና ተሰበሰቡ። አቶ ምሳው ቁና ተሸክመው ከጎተራ ጎተራ ዞሩ፤ ካለው ቤት ብቻ ሳይሆን ከሌለውም ቤት ጭምር እፍኝ እፍኝ ማሽላ እያስለኩ ለሃያ ሦስት ቤት አዳረሱ። አይበቃም፤ እስከ መኸር ያደርሳል የሚልም የለም። ወይዘሮ ደብሬ ዘንድ ሲደርሱ ግን እንደ ድሮው «ዓለምነህ ሲመጣ» የሚሉት ቃል አፋቸው ላይ ቀረ። ሰፍረው ወጡ።

ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ዝቋላ ሄጄ ነበር። ስለ እህል አንድም አላነሡብኝም። «መምህር፣ ያችን ቃሌን ያስመልሱልኝ» አሉኝ። እኔም ተመልሼ ጽሕፈት ቤትዎን «ሞቷል» የሚለው እንዲነሣ፣ ሌላው ቢቀር ቦታው ባዶ እንዲሆን ለመንኩ። የተነገረኝም ሲስተሙ ሕያውን ወደ ሙት እንጂ ሙትን ወደ ሕያው ለማዛወር እንደማይፈቅድ ነው። እኛ ትንሣኤ ሙታንን የምናምን ሰዎች ነን፤ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ያወጣ አካል ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመገመት አልተቸገርኩም።

እንግዲህ ከክቡርነትዎ የምለምነው እህል አይደለም፤ በእህል በኩል የሚችሉትን አይተናል። የምለምነው አንዲት ቃል እንዲሠረዝ ነው። ይህ ከአቅምዎ በላይ ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀን በእግርዎ ሄደው፣ ያ እህል እንደማይመጣ እያወቁ ጣታቸውን እንደተቀበሉ ለወይዘሮ ደብሬ በራስዎ አፍ ይንገሯቸው። አስተርጓሚ ቢያስፈልግዎ እኔ አለሁ። በዚህ ጊዜ አንድም ቃል አላለዝብም።

ጤናና ዕድሜ ከሹመት ጋር አስተባብሮ ይስጥዎ፤ በሄዱበት ሁሉ መንገዱ አስፋልት፣ ጥያቄው አጭር፣ ጭብጨባው ረጅም ይሁንልዎ፤ በሚያርፉበትም ቀን በስምዎ ፊት ምን ዓይነት ቀለም እንደሚቀባ የሚወስነው ሰው ሠራሽ ያልሆነው አስተውሎት ይሁን እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ምንዋጋው ካሤ
ጡረተኛ መምህር
ሰቆጣ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን አጣጥፌ ከጨረስኩ በኋላ ጎረቤቴ በጽሕፈት ቤትዎ የፌስቡክ ገጽ ላይ የወጣ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ወይዘሮ ደብሬ አፋቸውን ከፍተው፣ ጣታቸው መስታወቱ ላይ ሆኖ ይታያሉ። ከሥሩ «በዘመናዊው አሠራር የተደሰቱ እናት» ተብሎ ተጽፏል። ክቡር ሆይ፣ እየሳቁ አይደለም። የልጃቸውን ስም እየጠሩ ነበር። በፎቶው ጥግ አንድ ሌላ እጅ ይታያል፤ መሣሪያው አልቀበል ሲል አውራ ጣታቸውን ይዞ ወደ መስታወቱ የሚጫን የሽማግሌ እጅ። የእኔ ነው። የእርስዎን እጅ ግን አጉልቼ ብፈልግም አላገኘሁትም።